የሚሰምጠው ቤተሰብ

ዋና ማስተማር የጀመርኩት ጢም ሳላበቅል ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ፈሪ አስተምሬያለሁ፣ ሰነፍ አስተምሬያለሁ፣ እግሩ ውሃ በነካ ቁጥር ኑዛዜ የሚጀምር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር አስተምሬያለሁ። ሕጌ አንዲት ናት፤ ከሁሉ አስቀድሞ መንሳፈፍ። ሰው በጀርባው ተኝቶ፣ ጆሮዎቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሆዱን ለጣሪያው ሰጥቶ ዝም ካለ ውሃ ይሸከመዋል። እጅና እግር ማወራጨቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው። በዚህች ሕግ ያልተንሳፈፈ ተማሪ አልነበረኝም፤ ባለቤቴ እስክትመጣ ድረስ።

ያኔ እንኳ ባለቤቴ አልነበረችም። ባዮሎጂ የምታጠና፣ ቀጭን፣ በነገር የማትረታ ልጅ ነበረች። ውሃው እስከ ደረት በሚደርስበት ጎን አስገባኋትና መዳፌን ከጀርባዋ ስር አድርጌ አስተኛኋት። ሳንባዋን በአየር ሞላች። አልፈራችም፣ አልተገተረችም፣ ያልኳትን ሁሉ አደረገች። መዳፌን ቀስ ብዬ ስስብ ቁልቁል ወረደች። ግርግር የለ፣ መንፈራገጥ የለ፤ እንደተኛች የገንዳው ወለል ላይ ደረሰችና ከታች ሆና ታየኝ ጀመር። አወጣኋት፣ ደገምን፣ ያው ሆነ። ሰውነትሽን ልቀቂው እንጂ ብዬ ብቆጣ፣ ለቅቄዋለሁ አለችኝ ረጋ ብላ። አባቷም እንደሚሰምጡ፣ አክስቶቿም እንደሚሰምጡ፣ አንድ አጎቷ ከጀልባ ወድቆ የወንዙን ወለል በእግሩ ረግጦ ዳር እንደወጣ ነገረችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ነገሩን የሙያ ክብር አድርጌ ያዝኩትና በየሳምንቱ እመላለስባት ጀመር። ተስፋ ስቆርጥ ተጋብተን ነበር።

አባቷ ግንበኛ ናቸው። እኛ ቤት ውስጥ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን «ጨምርበት» ነው የሚሏቸው። ሲሚንቶ ሲቦካ ጨምርበት፣ ብረት ሲታሰር ጨምርበት፣ መሠረት ሲቆፈር ጨምርበት። የራሳቸውን ቤት ሁለት ክፍል አድርገው ጀመሩት፤ በየዓመቱ አንድ ነገር እየቀጠሉበት አጥሩን ሊያልፍ ደርሷል። ወደ ላይ ወጥቶ ባዶ አየር ላይ የሚያልቅ ደረጃ አለው፤ ለሚቀጥለው ፎቅ ነው ይላሉ። ማዕዳቸውም እንደ ቤታቸው ነው። «ይበቃኛል» የሚለውን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ የሰማው ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ተጋብዤ የሄድኩ ቀን፣ ስፖርተኛው ሰውዬ ግድግዳ ተደግፌ ነው የወጣሁት።

ገና ሳንጋባ አባባ ከሥራ ቦታ መወጣጫ ላይ ወደቁ። የወደቁበት የብሎኬት ክምር ደቀቀ፤ እሳቸው አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። ልጃቸው እያለቀሰች በግድ ራጅ አስነሳቻቸው። ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ባልደረቦቹን ጠራ፣ እነሱም መጥተው አዩ። አጥንቶቹ ወፍራም ናቸው፣ እንደ ኖራ ነጥተዋል። እኚህ ሰው ምንድን ነው የሚመገቡት ብሎ ጠየቀ። ያቺ ልጅ ፊልሙን ተቀብላ መምህሯ ዘንድ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአጥንት ጋር ተጣብቃ ቀረች። ዛሬ ሥራዋ የአጥንት ሴሎችን ማሳደግ ነው። ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሮዝ ፈሳሽ ባለባቸው ትንንሽ ሳህኖች ትንከባከባቸዋለች። ምሳ ይዤላት ስሄድ አንዳንዴ በማይክሮስኮፕ ታሳየኛለች። እኔ የሚታየኝ የተቀዳደደ ወረቀት ነው፤ እሷ ግን የዚህኛው ሳህን ልጆች ዛሬ ደስ ብሏቸዋል ትለኛለች።

ሥራዋ የገባኝ አንድ እሁድ ሳህን እያጠብን ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም አለችኝ፤ ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚሠራ ግንባታ ነው። አፍራሽ ሴሎች አሉ፣ ገንቢ ሴሎች አሉ። ገንቢው ሴል እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ትእዛዝ ካልመጣለት ድንጋይ አያነሳም። ትእዛዙ ፕሮቲን ነው። ከጎረቤት ሴል ተነስቶ ይመጣና ገንቢው ሴል ቆዳ ላይ ካለች መቀበያ ጋር ይያያዛል። መቀበያዋ ነገሩን ለውስጠኛው ፕሮቲን ታቀብላለች፣ እሱ ለሚቀጥለው፣ ያም ለሌላው፤ እንዲህ ሲቀባበሉ መልእክቱ ሴሉ መሃል ያለው አስኳል ይደርሳል። እዚያ ተዘግተው የነበሩ ዘረመሎች ይከፈቱና ግንባታው ይጀመራል።

ታዲያ ማን ያስቆመዋል ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷ በራ። ለካ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚያ ጥያቄ ኖሯል። እንዲያ ፊቷ ሲበራ ሳይ እንደ አዲስ ነው የወደድኳት፤ እጄ የሳሙና አረፋ ባይሆን ኖሮ እቅፍ አደርጋት ነበር።

የሚያስቆመው ከውስጥ ነው የሚመጣው አለችኝ። ገንቢ ሴሎች ሲገነቡ ሲገነቡ አንዳንዶቹ ራሳቸው በሠሩት አጥንት ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። ይቀበሩ እንጂ አይሞቱም። በቀጫጭን ክሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤቱን ከውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ። አጥንቱ ሲበቃው «ይበቃል» የሚል ሌላ ፕሮቲን ይልካሉ፤ እሱም ሄዶ ያችኑ መቀበያ ይይዝና «ገንባ» የሚለው ትእዛዝ እንዳይሠራ ያደርጋል። በእሷ ቤተሰብ ግን መቀበያዋ ከዘር በወረደ በአንዲት ትንሽ ለውጥ ቅርጿ ተዛብቷል። «ገንባ» ይይዝላታል፣ «ይበቃል» ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ ሲገነቡ ይኖራሉ፤ አጥንታቸው ይከብዳል፤ ውሃም አይሸከማቸውም።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ ምን አስፈለገ፣ አባትሽን ማዕድ ላይ ማየት በቂ ነበር አልኳት። እርጥብ ሳህን ይዛ አሳደደችኝ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለቤታችን መሳቂያ ነበር። እናቴ አጥንቷ የሳሳ ነው፤ ማሰሮ ስታነሳ የእጅ አንጓዋ የተሰበረባት ሴት ናት። ከአማቾችህ ትንሽ ብበደርስ እያለች ትቀልድ ነበር። ባለቤቴም ለእንደ እሷ ዓይነቶቹ ያንን «ይበቃል» ባይ ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት እንዳለ ነግራት፣ ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስጀመረቻት። በዚህ መሃል አባባ ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ ብለው ተቆጡ።

መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ወቀሱ፣ ቀጥሎ ሬዲዮኑን፣ ቀጥሎ እኔን። አማች ሆነህ አፍህ ውስጥ ታወራለህ አሉኝ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘወር አድርገው በግራ ጆሯቸው መስማት ለመዱ፤ ያልሰሙትን ነገር ሁሉ «አዎ አዎ» ብለው ያልፉታል፤ በዚህም አንዴ ለማያውቁት ሰው አጥር ሊገነቡ ቃል ገብተው መጡ። እንደገና ሳቅን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ሳቁ ቀረ። የጆሮ ነርቭ ወደ አንጎል የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ አጥንት ውስጥ ናት። ያ አጥንት ወፍሮ ወፍሮ ነርቩን አንቆታል። ሐኪሙ በጊዜ ቢመጡ ኖሮ በየጊዜው እየታየ፣ ሲጠብ በቀዶ ሕክምና ይሰፋ ነበር አለ። አሁን ቀኙ ሄዷል፤ ለግራው የቀረችው ጭላንጭል ናት።

ባለቤቴ ከዚያ ሐኪም ቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የአባቷን አጥንት ነገር ከማንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት፤ ስለ ሳህኖቿ ሴሎች ስታስብ የዚያች ቀዳዳ ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። ምንም ብላት አልሰማኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራዋ ያው ጎበዝ ናት፤ ቤት ውስጥ ግን ፍርሃት ገባባት።

ፍርሃቱ ስም ነበረው፤ ልጃችን። ስትወለድ አዋላጇ አንስታ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ውጣ ነው እንዴ የመጣችው» ስትል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔና ባለቤቴ ተያየን። ጉንጯ ሙልት ያለ፣ ክንዷ የተጠቀለለ ስለነበር ድንቡሼ አልናት፤ ስሙ ጸናባት። የእናት ነገር ለልጅ መተላለፉ እኩል በእኩል ነው፤ ወይ ወርሳለች ወይ አልወረሰችም። ማወቁ ለባለቤቴ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ትንሽ ምራቅ ወስዶ ማየት ብቻ። አላደረገችውም። ባነሳሁባት ቁጥር «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ትለኛለች። እኔም ብሆን ጀግና አልነበርኩም። የዋና አስተማሪ ልጅ ሰባት ዓመት ሆኗት ገንዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ዛሬ ብርድ ነው፣ ዛሬ ክሎሪኑ በዝቷል፣ ዛሬ ሰው ሞልቷል። መዳፌን ከጀርባዋ ስር ሳነሳ የሚሆነውን ማየት አልፈለግኩም፣ አለቀ። ገንዳ ጠባቂው ሳይቀር፣ አንተ የሰው ልጅ ታስተምራለህ የራስህን በባልዲ ነው የምታጥባት እያለ ያላግጥብኛል።

አንድ ቀን ድንቡሼን ከትምህርት ቤት ልወስድ ስሄድ መምህሯ ለብቻዬ ጠራችኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት አለች፤ ግን ከኋላ ስትጠራ አንዳንዴ አትሰማም።

ያን ቀን እራት ላይ ማንኪያ ከእጄ «አመለጠኝ»። ከድንቡሼ ጀርባ ነበርኩ። ዞር ብላ አየችኝ፤ እፎይ አልኩ። ባለቤቴ ነገሩ ገብቷት ዓይኗን አፍጥጣብኝ ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳ የክዳን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቀስ ያለ የጣት ማንኳኳት፤ ከዚያ ከበር ጀርባ ሹክሹክታ። እሷም ያንኑ እያደረገች ነው። በማግስቱም እንዲሁ ዋልን። እኔ ቁልፍ እጥላለሁ፣ እሷ እርሳስ ትጥላለች፣ ልጅቷ አንዳንዴ ትዞራለች አንዳንዴ አትዞርም። በመጨረሻ ከሥዕሏ ቀና ብላ «እናንተ ሰዎች፣ ሰሞኑን ሁሉ ነገር ከእጃችሁ የሚወድቀው አርጅታችሁ ነው?» አለችን።

ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ እኛ ጋ የሚኖሩት አባባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። የማይሰማ ሰው ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ማንኪያውን አዩ፣ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ የእኔን ፊት አዩ፣ የሕፃኗን አንገት አዩ። እራት ሁለተኛ ሲጨመርላቸው እንኳ አልፈልግም ብለው ሳህናቸውን በእጃቸው ከለሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ። የጀማሪዎቹን ክፍል ጨርሼ ፊሽካዬን ከአንገቴ ሳወልቅ አባባ በገንዳው በር ገቡ። ድንቡሼ እጃቸውን ይዛለች፤ አዲስ ቢጫ የዋና ልብስ ለብሳለች፣ ለእድገት ተብሎ የተገዛ ይመስል ሰፍቷታል። እሳቸው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከጎረቤት የተዋሱትን የዋና ቁምጣ እስከ እምብርታቸው ስበው ታጥቀዋል። ባለቤቴ ከኋላቸው እየሮጠች ደረሰች፤ ለካ ጠረጴዛ ላይ መልእክት ትተውላት ነው የወጡት። መልእክቱም፣ ልጅቷን ውሃ ውስጥ ልናያት ነው፣ ብትፈልጊ ነዪ የሚል ነበር።

ባለቤቴ ፊታቸው ቆማ ከንፈሯን ማንበብ እንዲችሉ ቀስ እያለች ተናገረች። መስመጥ ማስረጃ እንደማይሆን፣ ማንኛውም ሕፃን ሲፈራ እንደሚሰምጥ፣ ይህ በሥርዓቱ በምርመራ የሚታወቅ ነገር እንደሆነ። አባባ አንብበው ጨረሱ።

«እሺ መርምሪያታ» አሉ።

ፎጣውን ከትከሻቸው ላይ አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች።

ድምፃቸውን መመጠን ስለማይችሉ የሚናገሩት ሁሉ አዳራሹን ይሞላዋል። ያን ቀን ግን ዝቅ ለማድረግ ሲታገሉ አየሁ። «ልጄ፣ እኔን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የሚያውቅም አልነበረ፣ በማንም አልፈርድም። ይቺን ግን የምታውቁላት እናንተ ናችሁ። በእኔ ሐዘን የእሷን ጆሮ አታስበሉት።»

ከዚያ ሌላ አላሉም። ልጅ ሆነው ወንዝ ውስጥ ከሰመጡ ወዲህ ውሃ ከቧንቧ እንጂ ከገንዳ ነክተው የማያውቁ ሰው ዞረው መሰላሉን ያዙና ገቡ። ጥልቀት የሌለው ጎን ነው፣ ወገባቸው ላይ ቀረ። ግድግዳውን እንደ ግንበኛ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ከፈተሹት በኋላ ክንዳቸውን ዘረጉ። ድንቡሼ ሳታመነታ ገባችላቸው። እኔ ተከትዬ ዘለልኩ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ውሃ እንግዳ ሆነብኝ።

በጀርባዋ አስተኛናት። የአባባ ሻካራ መዳፍ ከጭንቅላቷ ስር፣ የእኔ ከጀርባዋ ስር። ሆድሽን ለጣሪያው ስጪው አልኳት። ሰጠችው። ትንፋሽ ሳቢ አልኳት። ሳበች። አልፈራችም፤ እኔን እያየች ፈገግ ብላለች፤ የፊት ጥርሶቿ የሉም። ለአባባ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋቸውና ሁለታችንም እጃችንን ሳብን።

ወረደች። ያለ ግርግር፣ ያለ መንፈራገጥ፣ ልክ እንደ እናቷ። ቢጫው ልብስ ከታች ሆኖ ሲታየኝ ልቤ አብሮ ወረደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ እቅጩን የመጣብኝ ግን ያኔ ነው። አጎንብሼ አፍሼ አወጣኋት። ውሃውን ከአፍንጫዋ እፍ ብላ አስወጥታ ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ ገፋች።

«ሰመጥኩ? እንደ አባባ ሰመጥኩ?» ደስታዋ ከልክ ያለፈ ነበር።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ውሃ በእፍኛቸው እየዘገኑ መታጠብ ጀመሩ። ለምን እንደሚታጠቡ ለማወቅ ዕውቀት አያስፈልግም። ድንቡሼ ከእጄ አምልጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ አገጫቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችና እንዲያነቡላት አፏን በደንብ ከፍታ «አንተን ነው የመሰልኩት» አለቻቸው። አነበቡ። ደገመችላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ ልጥፍ አድርገው ያዟት፤ እኔ ብጠይቅም አልሰጡኝም።

ባለቤቴ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ልብሷ ሳያሳስባት ተቀምጣ ነበር። መጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ማስረጃ አይደለም አለችኝ እንደገና፤ እያለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በፎጣዬ ጠረገችና ሰኞ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ አለች።

ይዛት ሄደች። የራሷን እጅ ስላላመነች ምርመራውን ባልደረባዋ ሠራላት። ውጤቱ ገንዳው የነገረን ነው። ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው፤ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት በዚያች ቅርጿ በተዛባች መቀበያ። የምትጨበጥ ነገር ብትሆን ገንዳ ውስጥ እደፍቃት ነበር። ባለቤቴ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ትከሻዋ ላላ ብሎ አየሁት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ልጃችን ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ አጥንቷ አይሰበርም። ብዙዎቹ የቤተሰቡ ሰዎች ሳይታመሙ ነው ያረጁት፤ እሷ ራሷም እስካሁን ሙሉ ለሙሉ ትሰማለች። የሚያስፈራው የጆሮ ነርቭ ቀዳዳዋ ነች፣ እሷ ደግሞ በየዓመቱ ከታየች ነርቩን ሳታንቅ ይደረስባታል። የሚጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መምህሯ ያለችው። እስካሁን ስንሸሽ ዘግይተን ከሆነስ አለች።

ስለዚህ ሁላችንም የጆሮ ምርመራ ክፍል ሄድን። አባባን ማስቀረት አልተቻለም፤ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ነበር የጠበቁን።

ድንቡሼን ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቧት። መስኮት አለው፤ እኛ ከውጭ አግዳሚ ላይ ሆነን እናያታለን። ትልቅ ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ ጫኑላት። መርማሪዋ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት፣ ከመስኮቱ ወዲህ መሣሪያዋ ፊት ተቀመጠች። ሕጉ ቀላል ነው፤ ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ፣ ምንም ያህል ቀጭን ቢሆን። መጀመሪያ ግራ ጆሮ። እጇ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣ እጇም መውጣቱን አልተወም። ባለቤቴ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች፤ እኔ በየመሃሉ አነሳች እላታለሁ።

አባባ ጉልበቴን ነካ አደረጉ። እዚያ ወንበር ላይ እኔም ተቀምጬ ነበር አሉኝ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ። ምንም አይሰማቸውም ነበር፤ ግን ይህችው መርማሪ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች። ቅንድቧን እያዩ እጃቸውን ሲያነሱ ቆዩ። «ምን ላድርግ» አሉኝ፣ «ልጅቷ አሳዘነችኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያኔ ግን ዞሬ መስኮቱን አየሁት። መርማሪዋ ፊት ለፊቷ ነው የተቀመጠችው። ድንቡሼ ደግሞ የእኚህ ሰውዬ የልጅ ልጅ ናት፤ ሰው እንዳይከፋው ስትል የማታደርገው የለም።

መርማሪዋ ዞር ብላ አሁን ቀኙን ነው አለችን። ቀኝ ጆሮ ነው ከአባባ ቀድሞ የሄደው። ቁልፉን ተጫነች። የድንቡሼ እጅ ጭኗ ላይ ነው። ባለቤቴ ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀች አነሳች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ እጇ ወጣ። ወረደ። መርማሪዋ መሣሪያውን ወደ ቀጭኑ አዞረች፤ እንደገና ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያች መርማሪ ቅንድብ ሌላ ምንም ማየት አልቻልኩም።

አባባ ከአግዳሚው ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው የልጅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ አልሞከሩም።

«ዓይኗን ጨፍናለች» አሉ። «ዓይኗን ጨፍናለች እኮ።»

ባለቤቴ ከግድግዳው ዞረች። ድንቡሼ ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን አነሳች።